መክሊትና መልቀቂያ

ሚያዝያ 9 ቀን 1980 ዓ.ም. በሆላንድ አገር በሮተርዳም ከተማ በተደረገው የማራቶን ውድድር፥ በዚያ ዘመን ዲላንና የጌዴኦን አውራጃ በውስጡ ይዞ በነበረው በሲዳሞ ክፍለ ሀገር የተወለደው በላይነህ ዲንሳሞ፥ ርቀቱን በ2 ሰዓት ከ6 ደቂቃ ከ50 ሰከንድ ፈጽሞ እስከዚያ ቀን ድረስ ማንም ያልደረሰበትን ፍጥነት አስመዘገበ፤ ይህም ክብረ ወሰን ዐሥር ዓመት ሙሉ ሳይደፈር ቆየ። ነገር ግን መንፈቅ እንኳ ሳይሞላ በሴኡል የኦሎምፒክ በዓል በተከፈተ ጊዜ፥ በምድር ላይ የሚቀድመው ያልተገኘው ይህ ሯጭ ከተሰላፊዎቹ መካከል አልነበረም፤ ያልነበረበትም ምክንያት ጉልበቱ ስለ ደከመ ወይም ሕመም ስለ ያዘው ሳይሆን፥ የአገሩ መንግሥት ከሰሜን ኮርያ ጋር በመተባበር በዓሉን ስለ ተወ ነው። ከዚህ ሃያ ዓመት በኋላ፥ በመጋቢት 2000 ዓ.ም.፥ ኃይሌ ገብረ ሥላሴ የቤይጂንግ ከተማ አየር ለጤናው እንደማይስማማው አመዛዝኖ የኦሎምፒኩን ማራቶን አልሮጥም አለ፤ በበዓሉም በ10 ሺህ ሜትር ብቻ ተሰልፎ 6ኛ ከወጣ በኋላ፥ መስከረም 18 ቀን 2001 ዓ.ም. በበርሊን ጎዳና ላይ ማራቶኑን በ2 ሰዓት ከ3 ደቂቃ ከ59 ሰከንድ ሮጦ የራሱን የዓለም ክብረ ወሰን አሻሻለ። በላይነህ መሄድ ሲገባው ቀረ፤ ኃይሌ መሄድ ሲችል ተወ።

ይህ በራስ እግር ላይ የማዘዝ ሥልጣን ከሹማምንትና ከማኅበራት እጅ ወጥቶ ወደ ስፖርተኛው እጅ እንዴት እንደ ገባ በዝርዝር መተረክ የታሪክ ጸሓፊ ድርሻ ነው። እኔ ልመረምር የምወደው ከታሪኩ በስተ ኋላ ቆሞ የሚጠብቀንን ጥያቄ ነው፤ ይኸውም ፈጣሪ በአንድ ሰው ሥጋና ጅማት ውስጥ ያኖረው ጸጋ የተቀባዩ ገንዘብ ነውን፥ ኮትኩቶ ያሳደገው ማኅበር ገንዘብ ነውን፥ ወይስ የሁለቱም ያልሆነ የሰጪው አደራ ነው የሚለው ነው። በዲላ ሜዳ ላይ አቧራ ለብሶ ኳስ የሚያባርር የዐሥራ ሁለት ዓመት ሕፃን ይህን ጥያቄ አያውቀውም፤ ነገር ግን ዕድሜው ሃያ በሞላ ጊዜ አንድ የክለብ ጸሓፊ መልቀቂያ ወረቀቱን በመሳቢያው ቆልፎ ሲይዝበት ጥያቄው ራሱ ፈልጎ ያገኘዋል።

ቀድሞ በእኛ አገር ስመ ጥር ሯጭ ማለት ወታደር ማለት ነበር። አበበ ቢቂላ ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም. በሮማ ከተማ በባዶ እግሩ ሮጦ ወርቁን በተቀዳጀ ጊዜ የክብር ዘበኛ ባልደረባ ነበረ፤ ማሞ ወልዴም እንዲሁ ነበረ፤ ከእነርሱም በኋላ የመጡት ደመወዛቸውን ከጦር ሠራዊቱ፥ ከፖሊስ ወይም ከፋብሪካ እየተቀበሉ ይሮጡ ነበር። ወታደር ደግሞ የሚታዘዝበትን ይጠብቃል እንጂ ወዴት ልሂድ ብሎ አይመርጥም። ይህን ስል ያን ዘመን ለመንቀፍ አይደለም፤ ሠራዊቱ ባይመግባቸውና ባያለብሳቸው፥ ስዊድናዊው አሠልጣኝ ኦኒ ኒስካነንም በዚያ ባያገኛቸው ኖሮ፥ ከእነዚያ የገበሬ ልጆች ማንኛቸው ሮማን ያዩ ነበር? የምለው ይህን ብቻ ነው፤ ያሳደገው እጅና የሚያዝዘው እጅ አንድ በነበረ ጊዜ፥ ውለታና ግዴታ ተቀላቅለው አንዱን ከሌላው የሚለይ አልተገኘም።

በውጭው ዓለምም ነገሩ በቀላሉ አልተፈታም። በአሜሪካ በቤዝቦል ጨዋታ ስመ ጥር የነበረው ኩርት ፍለድ፥ በሴንት ሉዊስ ቡድን 12 ዓመት ካገለገለ በኋላ በ1962 ዓ.ም. ፈቃዱ ሳይጠየቅ ወደ ፊላደልፊያ ቡድን ተላልፈሃል ቢባል፥ እንደ ዕቃ ልሸጥና ልለወጥ አይገባኝም ብሎ ክስ መሠረተ፤ በሰኔ 1964 ዓ.ም. ግን ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ5 ድምፅ በ3 ላይ ፈረደበት፤ እርሱ የተከለከለውን ነጻነት ሌሎች ተጫዋቾች ከሦስት ዓመት ተኩል በኋላ በግልግል ዳኝነት አገኙት። የቤልጅጉ ዣን ማርክ ቦስማንም፥ ውሉ አልቆ ሳለ የቀድሞ ክለቡ ገንዘብ ካልተከፈለኝ አልለቅም ስላለው፥ አምስት ዓመት ተሟግቶ በታኅሣሥ 1988 ዓ.ም. የአውሮፓ ፍርድ ቤት ውሉን የፈጸመ የአውሮፓ ኅብረት አገሮች ተጫዋች በእነዚያ አገሮች ውስጥ ወደ ወደደው ክለብ ያለ ክፍያ እንዲሄድ ወሰነለት። ሙሴ ከናባው ተራራ ላይ ምድሪቱን አይቶ እንደ ቀረ፥ ሁለቱም የከፈቱትን በር ራሳቸው አልገቡበትም፤ የፍለድ ጨዋታ በክሱ ምክንያት አከተመ፥ ቦስማንም ኋላ በድህነት ተጎሳቈለ። ዛሬ በሚሊዮን በሚቈጠር ገንዘብ የሚፈርሙት ከዋክብት የእነዚህን ሰዎች ስም ስንቶቹ እንደሚያውቁት እንጃ።

ከእኛም ወገን ትግሉ አልጠፋም። በ2004 ዓ.ም. የአትሌቲክስ ፌዴሬሽኑ ቀነኒሳ በቀለና ጥሩነሽ ዲባባ የሚገኙባቸውን 35 አትሌቶች ወደ ብሔራዊው ቡድን ዝግጅት አልመጣችሁም በማለት አገዳቸው፤ እገዳው ግን ብዙ ሳይቆይ ተነሣ፥ በዚያው ዓመት ሐምሌ መጨረሻም ጥሩነሽ በሎንዶን በ10 ሺህ ሜትር ለአገሯ ወርቅ አመጣች። ከዚያ በኋላ የፌዴሬሽኑ ወንበር ራሱ በአትሌቶች እጅ ገባ፤ ኃይሌ በ2009፥ ደራርቱ ቱሉ በ2011፥ ስለሺ ስኅን በ2017 ዓ.ም. በወንበሩ ተቀመጡ። ይሁን እንጂ የቀድሞ ሯጭ በወንበር ላይ መቀመጡ ብቻውን የዛሬውን ሯጭ አርነት አያወጣውም፤ ታዛዥ የነበረ ሰው አዛዥ በሆነ ጊዜ የቀድሞውን ማሠሪያ ይፈታዋል ወይስ ጫፉን ይይዛል የሚለው በየሰዉ ሕሊና የሚፈተን ነገር ነው።

አሁን ወደ ጥያቄው ሥር እንውረድ። ፍትሐ ነገሥት ስለ ባርነትና ስለ አርነት በሚናገርበት አንቀጽ፥ ሰው ሁሉ በተፈጥሮው የግዕዛን፥ ማለትም የነጻነት፥ ልጅ እንደ ሆነ፥ ባርነት ግን ከባሕርይ ሳይሆን ከጦርነትና ከምርኮ እንደ መጣ ያስረዳል፤ ከዚያም መልሶ ባርነትን ራሱን ይፈቅዳል፥ ባሪያን አርነት ማውጣትንም ከምጽዋት ሁሉ ከፍ ያለ በጎነት አድርጎ ያመሰግናል። በዚህ አንቀጽ ውስጥ እርስ በርሱ የሚጋጭ ነገር አለ ብሎ የሚያፌዝ ቢኖር አልፈርድበትም፤ ነገር ግን ከሁሉ አስቀድሞ የተጻፈው ግዕዛን መሆኑን ልብ ማለት ይገባል። ተጫዋች በእርግጥ ባሪያ አይደለም፤ ፈርሞ ይገባል፥ ደመወዝ ይቀበላል፥ ይጨበጨብለታል። ሆኖም ውሉን ፈጽሞ ሳለ መልቀቂያ የሚነፈገው፥ ወይም ደመወዙ ለወራት ሳይከፈለው ሂድም ቅርም የማይባለው ሰው፥ ስሙ ምንም ቢሆን፥ በዚያ ሰዓት የራሱ አይደለም።

የጌዴኦ ምድር ይህን ነገር ከመጽሐፍ ሳይሆን ከኑሮ ያውቀዋል። አበበ በሮማ ጎዳና ላይ በሮጠበት በዚያው በ1952 ዓ.ም.፥ የጌዴኦ ገበሬዎች የባላባቱንና የባለ ርስቱን ጫና መሸከም አቅቷቸው ተነሥተው ነበር፤ ሚጪሌ በተባለው ስፍራም ደማቸው ፈሰሰ። ቡናውን የተከለው፥ እንሰቱን ኮትኩቶ ያሳደገው እርሱ ሆኖ ሳለ፥ ስለ ምርቱ የሚያዝዘው ሌላ በመሆኑ ነበር ያ ሁሉ። የመሬት አዋጅ የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. እስኪታወጅ ድረስ ዐሥራ አምስት ዓመት ጠበቁ። በመስከረም 2016 ዓ.ም. በዓለም ቅርስ መዝገብ የገባው ያ የጌዴኦ መልክዐ ምድር፥ ቡናው በእንሰቱ፥ እንሰቱ በዛፉ ጥላ ሥር የሚያድርበት ያ ምድር፥ ድካሙ የራሱ ሆኖ ፍሬው የሌላ በሆነ ሰው እጅ ጭምር የተሠራ መሆኑ መዘንጋት የለበትም። እንግዲህ አባቱ ወይም አያቱ ጭሰኛ የነበረ የዲላ ሰው፥ በልጁ እግር ላይ ሌላ ሰው ባለ ርስት ሲሆን ዝም ብሎ ሊያይ አይገባውም።

ነገር ግን ክርክሩ በዚህ ቢያበቃ ግማሹን ብቻ በተናገርን ነበር። ተከራካሪው ተነሥቶ እንዲህ ሊለን ይችላል፤ ይህ ልጅ ከሰማይ ወርዶ ነውን ግብ ማስቆጠር የተማረው? በሰፈር ቡድን ያሰለፉት፥ በፕሮጀክት ያለ በቂ ክፍያ ያሠለጠኑት፥ ጫማ ያዋሱት፥ ሲጐዳ ወደ ሐኪም ቤት ያደረሱት ሰዎች የሉትምን? የእኔ ጸጋ ነው ብሎ ተነሥቶ ሲሄድ እነዚህ ምን ያገኛሉ? ይህ ክርክር እውነት አለው፤ የሚንቀውም ሰው ምስጋና ቢስ ነው። የጌዴኦ አባቶችም የምስጋና በዓላቸውን ደራሮን ሲያከብሩ ያፈሩትን የመጀመሪያ ፍሬ ይዘው ፈጣሪን፥ በቋንቋቸው ማገኖን፥ የሚያመሰግኑት ከእጃቸው ሥራ የሚበልጥ ሰጪ እንዳለ ስለሚያምኑ ነው። ከጸጋ በስተ ኋላ ሰጪ፥ ከሰጪው በታች ደግሞ ብዙ አሳዳጊ አለ።

ይህን ጊዜ ነው ሰዎች ወደ ወንጌሉ የመክሊት ምሳሌ የሚሮጡት፤ ለአንዱ አምስት፥ ለአንዱ ሁለት፥ ለአንዱ አንድ መክሊት ሰጥቶ ወደ ሩቅ አገር የሄደው ጌታ ሲመለስ ሒሳብ ይጠይቃልና፥ ተጫዋቹም ለክለቡ ሒሳብ መስጠት አለበት ይላሉ። በዚህ ትርጓሜ ክለቡ ራሱን በጌታው ወንበር ላይ አስቀመጠ። ምሳሌውን በጥንቃቄ ለሚያነብ ግን ነገሩ ሌላ ነው። መክሊቱን የሰጠው ክለብ አይደለም፤ ክለቡ ራሱ አደራ ከተቀበሉት አገልጋዮች አንዱ ነው፥ ምናልባትም ባለ አምስቱ ነው፤ ከተሰጠውም አደራ አንዱ ይህ ወጣት ነው። ጌታው መክሊቱን ሲሰጥ አገልጋዮቹን በሰንሰለት አላሠረም፤ አምኗቸው ሄደ እንጂ። የተቈጣውም በነገደውና ባተረፈው ላይ ሳይሆን፥ ፈርቶ ምድር ቆፍሮ በቀበረው ላይ ነው። እንግዲህ አንድ ክለብ የማያሰልፈውን ተጫዋች በተጠባባቂ ወንበር አስቀምጦ፥ ሌላ ክለብ ሲፈልገው ደግሞ አልለቅም ካለ፥ ምድር ቆፍሮ መክሊት የሚቀብረው ማን ነው? ኮከብ ለመሆን የተፈጠሩ ስንት ወጣቶች በዚህ ዓይነት ጕድጓድ ውስጥ ሃያ አምስት፥ ሃያ ስድስት ዓመት ሞልቷቸው ቀርተዋል! ስፖርተኛ እንደ ምሁር በሽምግልናው የሚሠራበት ጊዜ የለውምና፥ የተቀበረበት ሁለት ዓመት የሌላው ሰው ዐሥር ዓመት ነው።

ከመክሊቱ ምሳሌ ይልቅ ለዚህ ጉዳይ የሚቀርበው፥ አንዲት ምዕራፍ ብቻ ያላት የጳውሎስ መልእክት ወደ ፊልሞና ትመስለኛለች። አናሲሞስ ከጌታው ኮብልሎ ጳውሎስን በእስራቱ ያገለግለዋል፤ ሐዋርያው አጠገቡ ሊያስቀረው እየወደደ ያለ ፊልሞና ፈቃድ አላደርገውም ይላል፤ የሚደረገውም በጎነት ከግዴታ ሳይሆን ከልብ ፈቃድ እንዲሆን ይሻል፤ አናሲሞስ ዕዳ ያለበት እንደ ሆነ ደግሞ በእኔ ላይ ቍጠረው ብሎ በገዛ እጁ ይጽፍለታል። በዛሬ ቋንቋ ልቀልድና፥ ይህች ደብዳቤ መልቀቂያ የምትጠይቅ፥ ካሳውንም የምትችል ደብዳቤ ናት። ነገር ግን በቀልዱ ውስጥ ያለው ቁም ነገር ይህ ነው፤ ጳውሎስ ዕዳውን አልካደም፥ ሰውየውን ግን የዕዳው መያዣ አላደረገውም። ዕዳ በገንዘብ ይተመናል፥ በገንዘብም ይከፈላል፤ ከልብ የሚወጣ ውለታ ግን ነጻ ካልሆነ ሰው ሊገኝ አይችልም። መልቀቂያውን የነፈግነው ልጅ ለእኛ ቢጫወት፥ የሚሰጠን ላቡን እንጂ ምስጋናውን አይደለም።

የሚያስደንቀው፥ የዓለም እግር ኳስ ማኅበር የሆነው ፊፋ፥ ነገረ መለኮትን ሳያስብ፥ ወደዚሁ ሐሳብ የሚቀርብ ሥርዓት መሥራቱ ነው። በደንቡ መሠረት አንድ ተጫዋች ውሉ ሳያልቅ በገንዘብ ወደ ውጭ አገር ክለብ ሲዛወር፥ ከዝውውሩ ገንዘብ 5 በመቶ የሚሆነው ተቀንሶ ልጁን ከ12 ዓመቱ እስከ 23 ዓመቱ ላሠለጠኑት ክለቦች ይከፋፈላል፤ ከ12 እስከ 15 ባሉት ዓመታት ለእያንዳንዱ ዓመት ሩብ በመቶ፥ ከዚያ በኋላ ላለው ለእያንዳንዱ ግማሽ በመቶ ነው። አንድ ልጅ በአንድ ሚሊዮን ዶላር ቢዛወር፥ ከ12 እስከ 15 ዓመቱ ያሠለጠነው ትንሽ ክለብ 10 ሺህ ዶላር ይገባዋል ማለት ነው። እንዲሁም ሁለት ወር ደመወዙ በሕገ ወጥ መንገድ የተከለከለበት ተጫዋች፥ የ15 ቀን ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ ካልተከፈለው ውሉን በበቂ ምክንያት ሊያፈርስ ይችላል። ሰውየው ነጻ ነው፥ ዕዳው ግን ይከፈላል። ችግሩ ገንዘቡ ያለ ማስረጃ የማይመጣ መሆኑ ነው፤ ክለቡ በፌዴሬሽኑ ዘንድ የተመዘገበ፥ ልጁም በክለቡ ስም በዓመተ ምሕረቱ የተጻፈ ካልሆነ፥ አሠልጣኙ ዐሥር ዓመት ላቡን ቢያፈስ በሕግ ፊት እንዳልነበረ ይቈጠራል። በሰፈር ቡድን ያደገ ስንቱ ልጅ ነው የተመዘገበ የልጅነት ታሪክ ያለው? እዚህ ላይ መማረር የሚገባን በሚሄደው ልጅ ላይ ሳይሆን በባዶው መዝገባችን ላይ ነው።

ስለ ሴቶቹ ሳልናገር ማለፍ አልወድም፤ ምክንያቱም ጌዴኦ ዲላ የሚለውን የክለብ ስም በአገሪቱ የሴቶች ፕሪምየር ሊግ ያስጠሩት ሴቶቹ ናቸውና። ከላይ ካነሣሁት የ5 በመቶ ድርሻ ሌላ፥ ወጣቶችን ላሠለጠኑ ክለቦች የሚከፈለው ካሳ በሴቶች እግር ኳስ ላይ እንዳይሠራ የፊፋ ደንብ አግዷል፤ የታሰበውም ለበጎ ነው፥ የሚፈልጋት ክለብ ካሳውን ፈርቶ እንዳይተዋት። ከዱራሜ የተነሣችው ሎዛ አበራ በማልታ በቢርኪርካራ ተጫውታ፥ በ2016 ዓ.ም. ማብቂያ ደግሞ በአሜሪካ ለዋሽንግተኑ ዲሲ ፓወር ስትፈርም፥ ለብዙ ታናናሾቿ መንገድ አሳየች። ሆኖም ያሳደጓት ክለቦች ድካም በዚህ ደንብ በኩል ሳይታሰብ ያልፋል፤ ፍትሕ ለአንዱ ሲዘረጋ ሌላውን የሚያጋልጥ ከሆነ፥ ሥራው ገና አላለቀም።

በአገራችን ደግሞ በ2011 ዓ.ም. ማብቂያ ክለቦችና ፌዴሬሽኑ ተስማምተው የተጫዋች የወር ደመወዝ ከ50 ሺህ ብር እንዳያልፍ ጣሪያ አበጁ። ይህን ለመንቀፍ አልቸኩልም፤ አብዛኞቹ ክለቦች የሚተዳደሩት በከተማ አስተዳደርና በመንግሥት በጀት ነውና፥ ከሕዝብ ገንዘብ የሚወጣ ነገር ልክ ሊኖረው ይገባል። ነገር ግን ሊቀጥሩት የሚሽቀዳደሙ ሁሉ በአንድ ክፍል ተቀምጠው ዋጋውን ሲወስኑ፥ የሚወሰንበት ሰው በዚያ ክፍል ውስጥ ወንበር ነበረውን ብሎ መጠየቅ የማይቀር ነው። በጌዴኦ የአባቶች ሸንጎ በሆነው በሶንጎ ሽማግሌዎች በመሪያቸው በሀይቻው ፊት ተቀምጠው ነገር ሲያዩ፥ የሚነካው ሰው ሳይሰማ ብይን አይሰጥም፤ ባሌ በሚባለውም የጌዴኦ የሥልጣን ሥርዓት አባ ገዳው ራሱ ስምንት ዓመቱ ሲሞላ ሥልጣኑን ለተከታዩ ያስረክባል። ይህን ሥርዓት ይዘው ለኖሩ ሰዎች፥ ሰውን ሳይሰሙ መወሰንም ሆነ በእጅ ያለውን አልለቅም ማለት የአባቶች ባህል ነው ሊባል አይችልም።

የነጻነት ፍሬው ምን እንደ ሆነ ለማየት ደግሞ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። በዲላ የተወለደው ጌታነህ ከበደ ከደቡብ ፖሊስ ወደ ደደቢት ተሻገረ፤ ኢትዮጵያ ከ31 ዓመት በኋላ ወደ አፍሪካ ዋንጫ በተመለሰችበት በ2005 ዓ.ም. ደግሞ ወደ ደቡብ አፍሪካው ቢድቬስት ዊትስ ሄደ። ሄዶም አልቀረም፤ ተመልሶ በ2009 ዓ.ም. በደደቢት መለያ 25 ግብ በማስቆጠር ዮርዳኖስ ዓባይ በአንድ የውድድር ዘመን ያስቆጠራቸውን 24 ግቦች አለፈ፤ በጥር 2014 ዓ.ም. በካሜሩን በተደረገው የአፍሪካ ዋንጫም የብሔራዊው ቡድን አምበል ሆኖ በቡርኪና ፋሶ ላይ ግብ አገባ። ዲላ ይህን ልጅ በአጥሯ ውስጥ ይዛ አስቀርታው ቢሆን ኖሮ ምን ባተረፈች? በእኔ ፍርድ ምንም። ይህን ስል መንገድ ሁሉ መልካም ነው ማለቴ አይደለም፤ ከአንድ ክለብ ወደ ሌላው በየዓመቱ ለፊርማ ገንዘብ ብቻ የሚዘልል፥ ደላላው ባለው ሁሉ የሚፈርም ተጫዋችም አለ፤ እርሱ የክለቡን ሰንሰለት ፈትቶ የገንዘብን ያጠለቀ ነው፥ ከበላይነህም ይልቅ የሚያሳዝነው እርሱ ነው፥ በላይነህ ቢያንስ ማን እንዳስቀረው ያውቅ ነበርና።

ስለዚህ በዲላ፥ በወናጎ፥ በይርጋ ጨፌ፥ በቡሌ፥ በኮቸሬና በገደብ ልጆችን የምታሠለጥኑ፥ የክለብ ጸሓፊዎችና የስፖርት ጽሕፈት ቤት ኃላፊዎች ሁሉ፥ ይህን እለምናችኋለሁ፤ በሜዳችሁ የሚጫወተውን ልጅ ስም ከ12 ዓመቱ ጀምራችሁ በየዓመቱ በመዝገብ ጻፉ፥ ክለባችሁን በፌዴሬሽኑ አስመዝግቡ፥ የፈረመውንም ውል አንድ ቅጂ በልጁ ወይም በወላጆቹ እጅ ስጡ፥ ውሉ ባለቀ ቀን ደግሞ መልቀቂያውን ሳይለምናችሁ ጽፋችሁ ስጡት። ወላጆችም ልጃችሁ ከመፈረሙ በፊት ወረቀቱን ማንበብ የሚችል ሰው ፈልጉ። መዝገቡን ለመክፈት የሚያስፈልገው አንድ ደብተርና አንድ እስክርቢቶ ነው፤ በመጪው መስከረም ጀምሩት።